ዓይነ ስውር የሚያነበውን ፋይል አትከልክሉን

ለ፦ መጽሐፍ አሳታሚዎች፣ ደራስያን፣ ማተሚያ ቤቶችና የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅ ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች የሚሆን የመጽሐፍ ፋይል ስለ መነፈጋችን

የተከበራችሁ አሳታሚዎች፣ ደራስያንና የሥራ ኃላፊዎች፤

እኛ የመጽሐፍ ፋይል እያረምን ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች የምናደርስ በጎ ፈቃደኞች ነን። አብዛኞቻችን ራሳችን ዓይነ ስውራን ነን። የመማሪያ መጽሐፍ፣ ልብ ወለድ፣ ታሪክ፣ ሕግ፣ የግጥም መድበል፣ የተጠየቅነውን ሁሉ እናርማለን። ደመወዝ የለንም። አንድም ቅጂ ሸጠን አናውቅም።

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያደረገን የአንድ አሳታሚ ውሳኔ ነው። ይህ ድርጅት የመጽሐፎቹን ሶፍት ኮፒ ሲሰጠን ቆይቷል። አሁን ግን አቆመ። መጽሐፎቹ ቴሌግራም ላይ እየተለቀቁ ስላስቸገሩት ከእንግዲህ ለማንም ፋይል እንደማይሰጥ ነገረን። በምትኩ አንድ ፒዲኤፍ ላከልን። ገጹ ሁሉ ወደ ፎቶ ተቀይሯል። በየገጹም የድርጅቱ ስም አግድም ተጽፎበታል። ለሚያይ ሰው ይነበባል። ለእኛ ግን ባዶ ወረቀት ነው። የድርጅቱን ስም አንጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለምና።

ጉዳዩን ለማታውቁት ትንሽ እናብራራ። ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ፣ መሣሪያው ካለም ወደ ብሬል የሚቀይር ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ አለ፤ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር አለ። ኮምፒውተር ላይ ብዙዎቻችን ኤንቪዲኤ እንጠቀማለን። ኤንቪዲኤን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ናቸው፤ በነጻ ስለሚገኝም እኛ አገር ድረስ ደርሷል። አማርኛ የሚያነብ ድምፅም አለ። ድምፁ እንደ ሰው ባይሆንም ለምደነዋል፤ ፍጥነቱን ጨምረን እናዳምጠዋለን። እንግዲህ መሣሪያው በእጃችን ነው። የሚጎድለን በፊደል የተጻፈ ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ ውስጥ ፊደል ካለ ስክሪን ሪደሩ ያነባል። ፎቶ ከሆነ ዝም ይላል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይኸው ፎቶ ነው። ፋይል ስንከለከል መጽሐፉን ገዝተን፣ ገጽ በገጽ ስካን አድርገን፣ ኦሲአር በሚባለው ፕሮግራም ምስሉን ወደ ፊደል እናስቀይራለን። ፕሮግራሙ አማርኛ ያውቃል። ግን የእኛ ፊደል እርስ በርሱ ይመሳሰላል። አንዲት ጭረት ብትደበዝዝ «ለ» «ሰ» ይሆናል፣ «በ» «ቡ» ይሆናል። ሙሉ በሙሉ የተበላሸ ቃል አያስቸግረንም፤ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። የሚያስቸግረን ተሳስቶም ቃል ሆኖ የሚቀረው ነው። «ለማ» የሚለው ስም «ሰማ» ሆኖ ሲመጣ ድምፁ ሳይደናቀፍ ያልፈዋል። ከሦስት ገጽ በኋላ ታሪኩ አልገናኝ ሲለን ነው ወደ ኋላ ተመልሰን ስህተቱን የምንፈልገው።

ከዚያ የተቆረጡ ቃላት አሉ። የአማርኛ መጽሐፍ መስመር ሲሞላ ቃሉ የትም ቦታ ይቆረጣል፤ ብዙ ጊዜ ሰረዝ እንኳን አይደረግበትም። የሚያይ አንባቢ ዓይኑን ወደ ታች ጣል አድርጎ ይቀጥላል። ፋይሉ ውስጥ ግን «የተማሪዎቹ» የሚለው «የተማ» እና «ሪዎቹ» ሆኖ ሁለት ቃል ይሆናል። በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ የትኛው የተቆረጠ፣ የትኛው ራሱን የቻለ ቃል እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ እያዳመጥን፣ በቀስት ቁልፍ ፊደል በፊደል እየሄድን፣ በእጃችን እንገጥመዋለን።

የገጹ ራስጌና ቁጥርም ዐረፍተ ነገር መሀል ይገባል። «እናቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ምዕራፍ ሦስት ሰማንያ ሰባት ልጁ ተነሣ» የሚል ነገር እንሰማለን። ይህን ለማጥፋት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር መስማት ግድ ነው።

ግጥም ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ስንኞቹ ተጣብቀው እንደ ዝርው ጽሑፍ ይመጣሉ። እዚህ ላይ የእኛ አራሚዎች የሚሠሩትን ሥራ ብታዩት ደስ ይለን ነበር። ድምፁን ቀስ አድርገው ቤት መድፊያውን በጆሮ ይፈልጉና ስንኙ የሚሰበርበትን ቦታ አግኝተው ኢንተር ይመታሉ። ገጣሚው የሰበረበት ቦታ ከቤት መድፊያው ውጭ ሲሆን ግን ማወቂያ የለንም። ያኔ የሚያይ ሰው መጽሐፉን ይዞ አጠገባችን መቀመጥ አለበት።

ጆሮ የማይደርስበት ሌላም ነገር አለ። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በድምፅ አንድ ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። ደራሲው የቱን እንደጻፈ በማዳመጥ አይታወቅም። ብሬል በጣት የሚያስነብብ መሣሪያ ቢኖር ሊያግዝ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከጥሩ ላፕቶፕ ይበልጣል። ስለዚህ ያረምነው ፋይል የቱንም ያህል ብንደክምበት ከእናንተ ፋይል ጋር እኩል አይሆንም። ይህ ደራሲውንም ሊቆረቁረው ይገባል።

ይህ ሁሉ ልፋት መልሶ ለመሥራት የሚሞክረው ምን እንደሆነ አስቡት። ትክክለኛው ጽሑፍ፣ ደራሲው የተየበው፣ አርታዒው ያረመው፣ እናንተ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። በኢሜይል ለመላክ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ ከወረቀት ላይ በጆሮ ስንለቅም እንከርማለን።

ዋጋውን የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። አንዲት የሕግ ተማሪ ለአንድ ኮርስ የተመደበ መጽሐፍ እንድናዘጋጅላት ጠየቀችን። አሳታሚውን ለመንን፤ መልስ የለም። ስካን አድርገን ማረም ጀመርን። መጽሐፉ የግርጌ ማስታወሻ የበዛበት ነበር፤ ማስታወሻው ሁሉ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎ ነው የወጣው። ፋይሉ ያለቀው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ልጅቷ ጓደኞቿ ጊዜ ባገኙ ቁጥር እያነበቡላት፣ የቀረውን በግምት ተፈተነች። ሰነፍ ተማሪ አልነበረችም። ክፍሏ ውስጥ ያሉት ሌሎች ተማሪዎች መጽሐፉን ከሱቅ ገዝተው በዚያው ዕለት ነው ማንበብ የጀመሩት።

በስተርጅና ዓይናቸውን ያጡ ጡረተኛ መምህርም አሉ። ብሬል አልተማሩም። ልጆቻቸው ስልካቸው ላይ ቶክባክ ከፍተውላቸው በሰባት ዓመታቸው ፊደል እንደቆጠሩት እንደገና ማንበብ ተማሩ። አሁን የሚጠይቁን አዳዲስ ልብ ወለዶችን ነው። የምንሰጣቸው ግን ከብዙ ዓመት በፊት የወጡትን ነው፤ አርመን የጨረስነው እነሱን ነዋ።

ሁለተኛው ጉዳይ የድሮ ፎንት ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች ቅን ሆነው ፋይሉን ይሰጡናል፤ ስንከፍተው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ምክንያቱ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አማርኛ አይደለም። ከእነዚህ ፎንቶች በአንዱ የተጻፈውን «አንድ» የሚል ቃል ስክሪን ሪደሩ «ኤክስ፣ ኤን፣ ዲ» ብሎ ያነበዋል። የቆየ መጽሐፍ እንዲህ ቢሆን ይገባናል፤ መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ የሚያበላሸውን እየጠገንን እንጠቀምበታለን። ዛሬ የሚታተም መጽሐፍ በዚያው ፎንት ሲሠራ ግን ምክንያቱ አይገባንም። ዩኒኮድ ከገባ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

በዚሁ አጋጣሚ ለጸሐፊዎችና ለታይፒስቶች አንድ ትንሽ ነገር እንናገር። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት አትሥሩት። ለዓይን ያው ነው። ስክሪን ሪደሩ ግን ዐረፍተ ነገሩ ማለቁን ስለማያውቅ ሳያርፍ ይነጉዳል። ኪቦርዱ ላይ ትክክለኛው «።» አለ።

ሦስተኛው የመማሪያ መጻሕፍት ነገር ነው፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያንገበግበናል። መጽሐፉ በፒዲኤፍ ይለቀቃል። ርዕሶቹ ርዕስ ተብለው አልተሰየሙም፤ ፊደላቸው ደመቅና ተለቅ ተደርጎ ብቻ ታልፏል። ርዕስ በትክክል ሲሰየም እኛ ኪቦርድ ላይ አንድ ፊደል በመንካት ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እንዘላለን። ካልተሰየመ ግን ምዕራፍ አምስትን ለማግኘት ከገጽ አንድ ጀምሮ መስማት ነው። መምህሩ «ገጽ 112 አውጡ» ሲል የሚያየው ልጅ ያወጣል፤ ዓይነ ስውሩ ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ይፈልጋል። እሱ ሳያገኘው ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ስዕልና ካርታ ሲመጣ ስክሪን ሪደሩ «ምስል» ብሎ ያልፋል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ «ስዕሉን ተመልከቱና መልሱ» ይላል። ስዕሉ ምን እንደሚያሳይ በሁለት ዐረፍተ ነገር መግለጽ ለመጽሐፉ አዘጋጅ የደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ግን ስለ ልብ ክፍሎች የተሳለ ስዕል ሲገጥመን ባዮሎጂ የሚያውቅ ዓይናማ ሰው ፈልገን ማስገለጽ አለብን።

ሒሳብ ላይማ ጉዳቱ ከባድ ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደጋግሞ እየሠራ መልሱ ከመጽሐፉ ጋር አልገናኝ አለው። የራሱ ድክመት መስሎት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ፋይሉን ስናየው 10² የሚለው 102 ሆኖ ተቀምጧል። ትንሿ ቁጥር ወርዳ ከትልቋ ጎን ቆማለች፤ ድምፁም «መቶ ሁለት» ብሎ ነው ያነበበለት። የካሬ ሥር ምልክቶቹ ከነጭራሹ የሉም። ክፍልፋዮቹ ላዩና ታቹ ተቀጣጥሎ አንድ ቁጥር ሆኗል። አገራችን ውስጥ ብዙ ዓይነ ስውር ተማሪዎች ሒሳብን ሳይማሩ እንደሚያልፉ የምታውቁት ነው። «ለእነሱ ይከብዳል» ይባላል። ይህ ልጅ ግን አልከበደውም፤ የተሰጠው መጽሐፍ ነበር የተሳሳተው።

«በካሴት ይቀረጽላቸው» የሚሉን ኃላፊዎች አሉ። በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ ብዙ ትውልድ አስተምሯል፤ አሁንም ይጠቅማል። ነገር ግን ከድምፅ ላይ አንድ ስም እንዴት እንደተጻፈ አይታወቅም፤ አንድ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ጠቅሶ መጻፍም ያስቸግራል። የአምስተኛ ክፍል ልጅ አጻጻፍ የሚማረው ፊደሉን በጣቱ ሲዳስስ ወይም ፊደል በፊደል ሲሰማ ነው።

አሁን ወደ ስርቆቱ እንምጣ፤ የምትከለክሉን በእሱ ምክንያት ነውና። ስርቆቱ እውነት ነው። ደራሲ ዓመታት የለፋበትን መጽሐፍ ታትሞ በወጣ ሰሞን ቴሌግራም ላይ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ይገባናል፤ ከእኛም መካከል የሚጽፉ አሉ። ግን እዚያ የሚዘዋወሩትን ፋይሎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። አብዛኞቹ በስልክ ካሜራ የተነሱ ገጾች ናቸው። ጥግ ላይ የያዘው ሰው አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል። ሌባው የእናንተ ሶፍት ኮፒ አላስፈለገውም፤ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ፎቶ አነሳው። እኛ ደግሞ ያን የተሰረቀውን እንኳ ማንበብ አንችልም፤ ፎቶ ነው። ፋይሉን መቆለፍ ሌባውን አላቆመውም። ውጭ ያስቀረው እኛን ነው።

ሕጉም ቢሆን ያለ መንገድ አልተወንም። ዓይነ ስውራንና የኅትመት ውጤት ማንበብ የሚቸግራቸው ሌሎች ሰዎች መጽሐፍ እንዲያገኙ የወጣው የማራኬሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀብላዋለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ፈቃድ ያለው አካል ያለ ትርፍ ሲሠራ፣ ለእነዚህ አንባቢዎች የሚሆን ቅጂ ለማዘጋጀት የባለመብቱን ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅበትም። ከዚያ በፊትም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ለአካል ጉዳተኞች አላስፈላጊ እንቅፋት እንዳይሆን ይጠይቃል። የማራኬሹ ስምምነት አሳታሚውን «ፋይልህን አምጣ» ብሎ እንደማያስገድድ እናውቃለን። የቅጂውን ሥራ ፈቅዶልናል፤ ፋይሉን መስጠት ግን በእናንተ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ነው ከመክሰስ ይልቅ የምንጽፍላችሁ።

ስምምነቱ ሌላም በር ከፍቷል። በትክክል የተዘጋጀ ቅጂ ከአገር ወደ አገር መላክ ይቻላል። አሜሪካም እስራኤልም የስምምነቱ አባላት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በደንብ የታረመ አንድ የአማርኛ ፋይል ዋሽንግተን ወይም ኔታንያ ያለ፣ ዓይኑ የደከመ አማርኛ አንባቢ ዘንድ በሕጋዊ መንገድ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። እዚያ የሚኖሩ አረጋውያን በአማርኛ የሚያነቡት ሲያጡ ልጆቻቸው እኛን ይጠይቁናል። የምንልክላቸው ጥቂት ነው።

መጨረሻ ላይ ስለ መጉላላቱ በአጭሩ። ፋይል ስንጠይቅ «ደብዳቤ አምጡ» እንባላለን። ደብዳቤውን ስናመጣ «ፋይሉ ሌይአውት የሠራው ልጅ ጋ ነው» እንባላለን። ልጁን ስናገኘው «ያ ኮምፒውተር ተሸጧል» ይለናል። የገዛ መጽሐፉ ፋይል የሌለው አሳታሚ ብዙ ነው። ሁለተኛ ዕትም ሲያስፈልገው ራሱም እንደገና ያስተይባል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አሳታሚዎች ሆይ፣ መጽሐፍ ስታወጡ የመጨረሻውን የታረመ ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ በወርድ ወይም ኢፐብ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዓይነት ስጡን። ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ርዕሶቹን በስታይል ከሠራችኋቸው ኢፐቡ ከዚያው ይወጣል፤ ወርድ ከሆነም ወደ ኢፐብ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም አለ፣ አጠቃቀሙን መጥተን እናሳያችኋለን። ስጋታችሁን ለመቀነስ ውል እንፈርማለን። እያንዳንዱ ቅጂ ላይ የተቀባዩን መለያ እናስገባለን። የሚወስዱት የተመዘገቡ አንባቢዎች ብቻ ይሆናሉ፤ መዝገቡንም ስትፈልጉ ታያላችሁ።

ደራስያን ሆይ፣ ከአሳታሚ ጋር ስትዋዋሉ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ፋይል እንዲሰጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ራሱን ችሎ ያሳተመ ደራሲ ደግሞ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለበትም፤ ዛሬውኑ ሊልክልን ይችላል።

የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ ፒዲኤፉ በሚለቀቅበት ዕለት በስክሪን ሪደር የሚነበበው ፋይልም አብሮ ይለቀቅ። ስዕሎቹ መግለጫ ይኑራቸው። ሒሳቡ በምስል መሆኑ ቀርቶ በፕሮግራሙ የሒሳብ ቀመር መጻፊያ ይሠራ። መጽሐፉ ከመጽደቁ በፊት አንድ ዓይነ ስውር መምህር በስክሪን ሪደር ይፈትሸው። ይህ ሥራ ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ይሁን፤ በበጎ ፈቃደኛ ትከሻ ብቻ አይዘልቅም።

የማራኬሽ ስምምነትን የማስፈጸም ኃላፊነት ያለበት አካል ፈቃድ ያለው አካል ተብሎ ለመመዝገብ ምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ አድርጎ ያሳውቅ። በሕግ መሠረት ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከሚገባው የታተመ ቅጂ ጋር የመጽሐፉ ፋይልም አብሮ የሚገባበት መንገድ ይታሰብ፤ ያኔ ኮምፒውተር ስለተሸጠ የሚጠፋ መጽሐፍ አይኖርም።

ፋይል መስጠት ያቆመው አሳታሚ ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ እንጠይቃለን። ቢሮው ድረስ መጥተን አንድ የእሱን መጽሐፍ ፊት ለፊቱ ስናርም እንዲያይ ፈቃደኞች ነን።

መልሳችሁን በኢሜይል ስትልኩ፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ስካን አድርጋችሁ ብታያይዙም ጽሑፉን እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ ጻፉልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች የመጽሐፍ ፋይል የሚያርሙ በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለዓይነ ስውራን ማኅበራት፣ ለደራስያን ማኅበራት፣ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች